«የነርቭ ሕመም» የተሰኘው ሐረግ ሲመረመር

ለፋርማሲ ቴክኒሻንነት የብቃት ምዘና የሚዘጋጅ ተማሪ «ጋባፔንቲን» የተባለውን መድኃኒት የሚያጠናው በእንግሊዝኛ ነው፤ በምኒልክ አደባባይ አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት ሲቀጠር ግን ለታማሚው የሚያስረዳው በአማርኛ ይሆናል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት ብዙውን ጊዜ «የነርቭ ሕመም መድኃኒት» የሚል አንድ ሐረግ ብቻ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሦስቱም ቃላት ምርመራ ያሻቸዋል።

«ነርቭ» በሐኪም ዘንድ የአካል ክፍል ስም ሲሆን፣ በሕዝብ አነጋገር ወደ ጭንቀትና ወደ ቁጣ አዘንብሏል። በዚያው በአደባባዩ ዙሪያ ያለው የሠፈር ስም «አራዳ» የብልጥ ሰው ቅጽል እስከ መሆን እንደ ደረሰ ልብ ይሏል። ስለዚህ «የነርቭ መድኃኒት» የተሰጠው ሰው አእምሮው የተጠረጠረ መስሎት ካፕሱሉን ከቤተሰቡ ሊሸሽግ ይችላል። በ«ጅማት» እንተካው ቢባል፣ ጅማት ሥጋን ከአጥንት የሚያያይዘው፣ የክራርም አውታር ነውና ስሕተትን በስሕተት መለወጥ ነው። «ነርቭ» ይቆይ።

የከፋው «ሕመም» ነው። ግሱ «እግሬን ያመኛል» እና «ታምሜአለሁ» ብሎ የለየውን፣ ስሙ መልሶ ይቀላቅለዋል። «መድኃኒት»ም ከ«ድኅነት» ጋር ሥሩ አንድ በመሆኑ ፈውስን ተስፋ ያሰጣል። ጋባፔንቲን ግን የተጎዳ ነርቭ አይጠግንም፤ በነርቭ ጫፍ ካለው የካልሲየም መግቢያ አንድ ክፍል ጋር ተጣብቆ የሥቃዩን መልእክት ያዳክማል እንጂ። (የገዛ ስሙም ተማሪን ያሰናክላል፤ በቅርጹ «ጋባ» የተባለውን የአንጎል ኬሚካል ቢመስልም፣ በጋባ ተቀባዮች ላይ አይሠራም።)

በአሜሪካ መጀመሪያ የተፈቀደው እ. ኤ. አ. በ1993 ለሚጥል በሽታ ሕክምና አጋዥ እንዲሆን ነው፤ ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ ለሚቀረው ሥቃይ የተፈቀደው በ2002 ነው። ቁስሉ ደርቆለት ማቃጠሉ ያልለቀቀው ሰው የመግለጫውን ወረቀት ገልጦ «የሚጥል በሽታ» ሲያነብ ምን ያስብ?

ታማሚዎች ግን ቃል አላጡም። «ያቃጥለኛል፣ ይወጋኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይጠዘጥዘኛል» ይላሉ። «ቁርጥማት» በመገጣጠሚያ ተይዟል፤ «ሥቃይ» የሰማዕታት ነው፤ ስለዚህ «ነርቭ ወለድ ጥዝጣዜ» የሚለውን አቀርባለሁ። ማቃጠልን አያካትትም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ይህን ግን የመዝገበ ቃላቱ ፍቺ ይሸከመው፤ ከስያሜ ሁሉን መጠበቅ አይገባም። በ«መድኃኒት» ፈንታም «ማስታገሻ» ይባል። ይሁንና ማስታገሻ ሲያም ብቻ የሚዋጥ ስለሚመስል፣ «በየቀኑ የሚወሰድ» የሚል ቅጽል ሊታከልበት ግድ ነው፤ በድንገት ማቋረጥ፣ በተለይ የሚጥል በሽታ ላለበት፣ አደገኛ ነውና።

መፍዘዝና እንቅልፍ እንደሚያመጣ፣ በኩላሊት በኩል ሳይለወጥ ስለሚወጣም ኩላሊቱ ለደከመ መጠኑ እንደሚቀነስ መናገር ቀላል አማርኛ ነው። ምዘናውን የሚያዘጋጁ ሰዎች ተፈታኙ ይህን ሁሉ በአማርኛ የሚያስረዳበት አንድ የተግባር ጥያቄ ቢጨምሩ፣ የስያሜውም ብቃት በዚያው ይፈተናል።