ጂን እስከ መቃብር?

የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። ባለፈው ቅዳሜ ማኪያቶ ጋበዘኝና ከሚስቱ ተደብቆ ሌላ ሴት መያዙን አጫወተኝ። ልቆጣው ስል ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ ምን ላድርግ? ጂን ነው! ወንድ ሲፈጠር እንዲህ ነው። ዶውኪንስ ጽፎታል።»

ድሮ «ሰይጣን አሳሳተኝ» ይባል ነበር። አሁን ሰይጣን ጡረታ ወጥቶ ጂን ተተካ ማለት ነው።

ሪቻርድ ዶውኪንስ «ራስ ወዳዱ ጂን» የሚለውን መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ርዕሱን ብቻ ያነበበ ሰው «ራስ ወዳድነት ተፈጥሯችን ነው» ብሎ ይዘጋዋል። መጽሐፉ ግን ራስ ወዳድ የሚለው ጂኑን ነው፤ ያውም በምሳሌ፤ ጂን ሐሳብ የለውምና። በጂኖቹ አገዛዝ ላይ ማመፅ የሚችል ፍጡር ሰው ብቻ እንደሆነም ደራሲው ራሱ ጽፏል። ተማሪዬ እዚያ ገጽ አልደረሰም።

ባዮሎጂን እየናቅኩ አይደለም። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የወንዱ ጣዎስ ላባ እንዲያ ያማረው ሴቶቹ በየትውልዱ ያማረውን እየመረጡ ነው ብሏል። የእኛም ዓይን ውበትን የሚወደው ከሥጋችን ተነጥሎ አይመስለኝም። ሥሩን አይቶ «ዛፉን ጨረስኩት» ከሚለው ጋር ነው ጠቤ።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለዓመታት አስተምሬያለሁ። የፊታውራሪ ልጅ ሰብለ ድሃውን በዛብህን ለምን ተመኘችው? ወጣትነት ወጣትነትን ይጠራል፤ እዚህ ላይ ባዮሎጂ ይናገር። በዛብህ ሲሞት ግን ሰብለ መነኮሰች። ልጅ የለ፣ ዘር የለ። ጂኑ ምን አተረፈ? ባዮሎጂስቱ «ሰውን ከሰው የሚያጣብቀው ስሜት አንዳንዴ ከጥቅሙ አልፎ ይፈሳል» ሊለኝ ይችላል። ይሁን። ይህ ግን ማዘን የቻለችበትን ምክንያት እንጂ በሐዘኗ ምን ለማድረግ እንደወሰነች አይነግረኝም። ሐዲስ ዓለማየሁም መጽሐፋቸውን «ፍቅር እስከ ወሊድ» አላሉትም።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ።

«ሚስትህስ ጂን የላትም?» አልኩት።

«እንዴት?»

«ነገ እሷም ሌላ ይዛ ‹ጂን ነው› ብትልህስ?»

ፊቱ ጠቆረ። «እሷማ አታደርገውም! ቃል ኪዳን አለብን እኮ!»

አያችሁ? ለራሱ ጂን፣ ለሚስቱ ቃል ኪዳን። ዝንባሌያችን ከየት እንደመጣ ሳይንስ ይንገረን፤ እናመሰግናለን። «ቃል ኪዳን» የሚለውን ቃል ግን ያን ዕለት ከአፉ ያወጣው እሱ ራሱ ነው።

የማኪያቶውን ሂሳብ ከፈለ። የሌላውን ሂሳብ ማን እንደሚከፍለው ግን አልነገረኝም።