ጀግና የበዛበት፣ ደብተር የጠፋበት መጽሐፍ

አዲስ አበባ ውስጥ መጽሐፍ አዟሪ ሲያስቆማችሁ መጀመሪያ የሚዘረጋላችሁ ምንድን ነው? ልብ ወለድ እንዳይመስላችሁ። “እንዴት ሀብታም ልሁን” ባይ ነው፤ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ፣ ወይም የተመለሰውን አይቶ የተጻፈ። እኔ ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝና የማነባቸው እንደ ነጋዴ ሳይሆን እንደ ሐያሲ ነው። በዚያ ዓይን ሳያቸው ታዲያ ልብ ወለድ ሆነው አገኛቸዋለሁ።

ታሪኩ አንድ ነው። ጀግናው ድሃ ነበር፤ አለመ፤ ሰው ሳቀበት፤ ቆረጠ፤ ከበረ። አለቀ! ከዚህ ዘር ታዋቂው፣ የናፖሊዮን ሂል “ቲንክ ኤንድ ግሮው ሪች”፣ የወጣው በ1937 እ.ኤ.አ. አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት ስትማቅቅ ነው። ሥራ ላጣ ሰው ተስፋ መስጠቱን አልነቅፍም። የምነቅፈው፣ ሱቅ የከፈተ ሰው በሦስተኛው ወር የሚገጥመውን ጥያቄ እነዚህ መጻሕፍት አለመመለሳቸውን ነው።

ጥያቄው ምን መሰላችሁ? የጎረቤት እናት “ልጄ፣ ደሞዝ ሲወጣ እከፍልሃለሁ” ብለው ዘይትና ስኳር ያነሳሉ። ቢከለክል ጨካኝ ሊባል ነው፤ ቢሰጥ መደርደሪያው ሊራቆት። ዘዴኛ ባለሱቅ ለእያንዳንዱ ቤት የዱቤ ጣሪያ ያበጃል፤ ቀኑንና ሂሳቡን ባለዕዳው እያየ ይጽፋል፤ የቀድሞው ሳይከፈል አዲስ አይጨምርም። ይህን “ራዕይ” የሚለው የለም፤ ሱቁን ያቆመው ግን እሱ ነው።

ደግሞ መሳቢያው አለ። ለቅሶ ሲመጣ ከመሳቢያ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ ከመሳቢያ። ለራሱ ደሞዝ ያልቆረጠ ነጋዴ ያተረፈውንና የበላውን በምን ይለየዋል?

ዋጋም አለ። በ1,000 ብር የገዛውን በ1,200 ሸጦ “አተረፍኩ” ያለ ሰው፣ መርካቶ ሲወርድ ያው ዕቃ 1,300 ቢሆንበት 100 ብር ጎሎታል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ያኔ ከውጭ የገባ ዕቃ በአሮጌ ዋጋ የሸጠ ሰው፣ እየሳቀ ካፒታሉን ነው የሸጠው። መሸጫ ዋጋ የሚሰላው በገዛንበት ብቻ ሳይሆን ነገ በምንገዛበትም ነው።

የመጽሐፉ ጀግና ብቻውን ይነሳል። የእኛ ባለሱቅ ግን ባንኩ የቤት ካርታ ሲጠይቀው የሚሄደው ወደ እቁብ ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ። ብልሃቱ እቁቡ በወጣ ዕለት ዕቃ መጨመር ነው እንጂ ሶፋ መቀየር አይደለም።

ይህን ሁሉ ማንሳቴ ለወግ አይደለም። ቤተሰቡ ያጠራቀመለትን ይዞ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ በብብቱ ሸጉጦ ሱቅ የሚከፍት ወጣት አለ። ሱቁ ሲዘጋ መጽሐፉ ጥፋቱን በማን ላይ ይጥላል? በልጁ! “ከልብህ አላመንክም” ይለዋል። ልጁማ አምኖ ነበር፤ ስለ ዱቤ የነገረው ግን አልነበረም።

መርካቶ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የነገዱ ሰዎች ይህን ያውቁታል። እነሱ ይጻፉልን። ሰዋስዉ ቢንሻፈፍም ግድ የለም፣ የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነኝ፤ በዱቤ ካልሆነ በቀር ካላሉኝም በጥሬው።