«ጭስ»፣ «ልቀት» እና «ማጽደቂያ»፤ በከባድ መኪና ሞተር ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃል የሚመዘነው በቅርጹ ማማር ብቻ ሳይሆን ሊለያዩ የሚገባቸውን ነገሮች ለይቶ በመያዙ ነው። ስለ ከባድ መኪና ሞተር ማንነትና ሞተሩ ስለሚለቀው ጋዝ የተጻፉ ሰነዶች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ግን ይህ ልዩነት ሲጠፋ እናያለን። ጉዳቱም በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ አይቀርም። የባሕር ዳር መንገድ ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር በሚከፈልበት በወረታ የፎገራን ሩዝ የሚያመላልስ ባለንብረትም ሆነ በአንበሳሜ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የተነሣ ነጋዴ የሚተማመነው በወረቀቱ ላይ በሰፈረው ቃል ነው።

በመጀመሪያ ማንነትን እንመልከት። ሦስት የተለያዩ ነገሮች «የሞተር ቁጥር» በሚል አንድ ስያሜ ሲጠሩ ይገኛሉ። ለምሳሌ ያህል በሲኖትራክ ሆዎ በር ላይ የሚነበበው 371 የፈረስ ጉልበት ነው። የሞተሩ ሞዴል ደብሊው ዲ 615.47 ሲሆን ስድስት ሲሊንደርና 9.726 ሊትር ይዘት አለው። በሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸው ቁጥር ደግሞ ያንን አንድ ሞተር ብቻ ይለያል። ይዘቱ ያው 9.726 ሊትር የሆነ ሞተር በ290 እና በ336 የፈረስ ጉልበትም ስለ ተሠራ፣ ሦስቱን መደባለቅ የመለዋወጫ ዕቃንም የልቀት ደረጃንም ያሳስታል። ስለዚህ «ጉልበት»፣ «ሞዴል» እና «መለያ ቁጥር» ተለይተው እንዲጻፉ እንሻለን።

ዋናው ስሕተት ያለው ግን «ጭስ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ጭስ ለዓይን የሚታይ ነው፤ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ግን ከጭስ ማውጫው ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። ይባስ ብሎም የቃጠሎው ሙቀት ሲጨምር ጥላሸቱ ሊቀንስ፣ ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ግን ሊጨምር ይችላል። እንግዲህ «ጭስ የለውም» ማለት «ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም። «ብክለት»ም ቢሆን የሚያመለክተው ውጤቱን እንጂ ከሞተሩ የሚወጣውን መጠን አይደለም። «ለቀቀ» ከሚለው ግሥ የወጣው «ልቀት» የሚታየውንም የማይታየውንም ስለሚያቅፍ የተሻለ ነው።

ሁለተኛው መደባለቅ በ«ምርመራ» እና በ«ማጽደቂያ» መካከል የሚታየው ነው። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ የአንድን መኪና የዕለት ሁኔታ ይመለከታል። የልቀት ማጽደቂያ ግን ሞተሩ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ለሞዴሉ ወይም ለሞተሮች ወገን በቤተ ሙከራ ፈተና የሚሰጥ ነው። «የጸደቀ» መባል የሚገባውን «የተመረመረ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ቦሎ የለጠፈውን መኪና ሁሉ የልቀት ደረጃ ያሟላ ያስመስለዋል።

በአሠራር የሚቀራረቡ ሞተሮች በአንድነት ሲጸድቁ፣ ከመካከላቸው አንዱ ተመርጦ ስለ ሌሎቹ ይፈተናል። ይህን «ወላጅ ሞተር» ማለት ቃል በቃል መገልበጥ ነው፤ የተመረጠው ሌሎቹን ስላስገኘ ሳይሆን ሊወክላቸው ስለሚችል ነውና። «ወኪል ሞተር» ቢባል ይስማማል። «ቤተሰብ»ም ለእኛ ለቋንቋ ሰዎች የትውልድ ዝምድናን ስለሚያሳስብ፣ «ወገን» የሚለውን እንመርጣለን።

በመጨረሻም «ዩሮ» የሚለው የአውሮጳ ደረጃ አለ። በአውሮጳ ልማድ የከባድ ሞተር ደረጃ በሮማ ቁጥር፣ የቀላል መኪና ደግሞ በዐረብ ቁጥር ይጻፋል፤ የመጀመሪያው የሚለካው በኪሎዋት ሰዓት፣ ሁለተኛው በኪሎ ሜትር በሚለቀቅ ግራም ነው። በአማርኛ ግን ሁለቱም «ዩሮ ስድስት» ስለሚባሉ «የከባድ ሞተር» የሚለው ቅጽል ሊቀር አይገባም። የደረጃው ቁጥርም ራሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለከባድ ሞተር የተፈቀደው የናይትሮጅን ኦክሳይድ መጠን በዩሮ ሁለት (1996 እ.ኤ.አ.) 7 ግራም የነበረ ሲሆን፣ በዩሮ ስድስት (2013 እ.ኤ.አ.) ወደ 0.4 ግራም ወርዷል።

ከጋራዥ የተወረሱትን «ሻንሲ»፣ «ካምቢዮ» እና «ሊብሬ»ን እንጣል አንልም፤ እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ስለሚሰይሙ ሥራቸውን በሚገባ ይሠራሉ። ከአዲሶቹ ስያሜዎችም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።