ከዘወረደ እስከ ኒቆዲሞስ፦ ዐቢይ ጾም በግዕዝ ሥርዓት ካቶሊካውያን ዘንድ

ዐቢይ ጾም በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በጸሎት፣ በጾምና በምጽዋት ለትንሣኤ በዓል የሚዘጋጁበት ወቅት ነው። በአዲስ አበባ፣ ልደታ ሰፈር ስሙን ያገኘበት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ደብርና እንዲሁ በእመቤታችን ልደት የተሰየመው የካቶሊካውያን ካቴድራል በአስተዳደርና በዶግማ ቢለያዩም፣ በዚህ ወቅት የሚቀራረቡበት ምክንያት አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1961 በሜትሮፖሊታን ደረጃ የተቋቋመው የአዲስ አበባ ካቶሊካዊ መንበር የሚከተለው ሥርዓት ከኦርቶዶክሱ ጋር የሚጋራው ግዕዝ ነውና።

«ካቶሊክ አይጾምም» የሚለው በብዙዎች አንደበት የሚሰማ አባባል የሚመነጨው አንዱን ሥርዓት ለመላዋ ቤተ ክርስቲያን መለኪያ ከማድረግ ነው። የላቲን ሥርዓት ሕግ፣ ጳጳስ ጳውሎስ ስድስተኛ እ.ኤ.አ. በ1966 ካሻሻሉት ወዲህ፣ ጾምን፣ ማለትም በቀን አንድ ሙሉ ማዕድ ብቻ መመገብን፣ በአመድ ረቡዕና በስቅለት ዓርብ ላይ ወስኖ፣ ከሥጋ መከልከልን ደግሞ ለዓርብ ቀናት ትቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ግን በቁጥር 882 የጾሙን አኳኋን ለየቤተ ክርስቲያኑ የራስ ሕግ ይተወዋል። በግዕዙ ትውፊት ጾምና ከጥሉላት መከልከል ተነጣጥለው አያውቁም፤ የጾሙም ርዝመት 55 ቀን እንጂ የላቲኑ 40 አይደለም። ስለዚህ የሮምን ማቅለያ ወደ ሀገር ቤት እንደ ፈቃድ ማምጣት ከቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ መንፈስ ጋር አይስማማም።

ታሪክም ይህንኑ ያስጠነቅቃል። እ.ኤ.አ. በ1625 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ካቶሊካዊው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የሀገሩን ሥርዓተ አምልኮ በሮም ልክ ለመቁረጥ መነሣቱ ደም ያፋሰሰ ዐመፅ አስከትሎ፣ ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት እንዲመልሱ አስገድዷቸዋል። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በ1839 የመጡት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ግን ግዕዙን ተቀብለው፣ እንደ ሀገሩ መነኩሴ ለብሰውና ኖረው አስተማሩ፤ ዛሬ ያለው የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊካዊነት የቆመውም በእርሳቸው መንገድ ነው።

ይሁንና የጾሙን ትርጉም ከምግቡ ይልቅ የሚገልጡት የእሑዶቹ ምንባባት ናቸው። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ ዐቢይ ጾም ሁለት መልክ እንዳለው፣ አንዱ የጥምቀት መታሰቢያ፣ ሌላው ንስሓ እንደ ሆነ አስተምሮ፣ የጥምቀቱ ገጽታ ጎልቶ እንዲወጣ አዟል። ላቲኑ በጉባኤ ውሳኔ ሊያጎላው የፈለገው ይህ ገጽታ በግዕዙ ሥርዓት አስቀድሞ ተቀምጦ ነበር፤ ጾሙ በመጀመሪያው እሑድ፣ በዘወረደ፣ የሚከፈተው ከዮሐንስ ወንጌል 3ኛ ምዕራፍ በሚወጣ ንባብ ሲሆን፣ በሰባተኛው እሑድ፣ በኒቆዲሞስ፣ ወደዚያው ምዕራፍ ይመለሳል፤ በሌሊት የመጣው መምህር ከውኃና ከመንፈስ ስለ መወለድ የሰማበት ንግግር ነውና። በመካከል ያሉት መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይትና ገብር ኄር፣ ማለትም የሕመምተኛው መፈወስ፣ የዳግም ምጽአት ነገርና የታማኙ አገልጋይ ሒሳብ፣ ንስሓውን የሚሸከሙ ናቸው። ይህ አደራደር እጅግ የተዋበ ነው፤ በስብከትም ከዚህ የበለጠ ቦታ ይገባዋል።

በተግባር ግን ዓርብ ዓርብ የሚደረገው ፍኖተ መስቀል፣ የጌታን መከራ በ14 ምዕራፍ እየቆሙ የሚያስቡበት ከላቲኑ የመጣ ጸሎት፣ በምእመናን ልብ ከእሑዶቹ ምስጢር ይልቅ ሰፊ ስፍራ ይዟል። ጸሎቱ የሚያጽናና መሆኑ አያከራክርም፤ ነገር ግን ጾሙን በሙሉ ወደ ስቅለት ኀዘን ብቻ ሲስበው የጥምቀቱ ክር ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1964 የወጣው የቫቲካን ጉባኤ የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ድንጋጌ ወደ አባቶች ትውፊት መመለስን የጠየቀው ለእንዲህ ያለው ሁኔታ ነው፤ የትንሣኤ ሌሊት ለሚጠመቁ አዋቂዎች የሚሰጠው ትምህርትም ከኒቆዲሞስ እሑድ ጋር ቢያያዝ፣ ቀድሞ የተጠመቁት ከእነርሱ ጎን ቆመው የራሳቸውን ጥምቀት እንደ ገና ይሰሙ ነበር።