ሚዶና የኅዳር ነፋስ

ባለፈው ኅዳር፣ አዳማ ላይ ነፋሱ ከንጋት እስከ ማታ አቧራ ሲያነሣ በሰነበተበት ሰሞን፣ ሥራ ከጀመረች ገና ሁለት ወር ያልሞላት ተለማማጄ፣ አጥባ ያደረቀችው ፀጉር ማበጠሪያውን ተከትሎ ሽቅብ እየተነሣና ከደንበኛዋ ጉንጭ ላይ እየተለጠፈ ቢያስቸግራት፣ ወደ እኔ ዘወር ብላ «እትዬ፣ ኮረንቲ ይዞታል፤ ቅቤ ልጨምርበት?» ብላ ጠየቀችኝ። «አትጨምሪ፤ መጀመሪያ እጅሽን አርጥቢ» አልኋት፤ ሰው ተራ ይጠብቅ ስለ ነበረ ግን ምክንያቱን ሳልነግራት ቀረሁ። በዚህ ሙያ ከ30 ዓመት በላይ ስኖር ከብዙዎች ጋር የተከራከርሁበት ጉዳይ ይኸው ነውና፣ መልሱን በጽሑፍ ላቀርብላት ወደድሁ።

የስምጥ ሸለቆ ሰው የበጋውን ጠባይ በቆዳው ያውቀዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ከሞጆ እስከ መተሐራ፣ ከንፈር ይሰነጠቃል፤ የተሰጣ ልብስ ወዲያው ይደርቃል፤ በ2004 ዓ.ም. 34፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 102 ሆነው በከተማችን ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ የተተከሉትን የነፋስ ተርባይኖች የሚያዞረው ያው ነፋስ ከራሳችንም ፀጉር እርጥበቱን መጥጦ ይሄዳል። ፀጉር ከአየር ውሃ የሚጠጣ ነገር ነው፤ ውሃውን ባጣ ጊዜ በሰበቃ ያደረበትን ኤሌክትሪክ የሚያፈስበት መንገድ አያገኝም፤ እያንዳንዱም ዘለላ ከባልንጀራው ጋር አንድ ዓይነት ኃይል ስለሚሸከም አንዱ ካንዱ ይሸሻል። ኤሌክትሪክ የሚለው ስም ራሱ፣ ሲታሽ ገለባ ከሚስበው ከአምበር፣ እርሱም ደንጊያ ከሆነው የዛፍ ሙጫ፣ የጽርእ ስም ከኤሌክትሮን የወጣ ነው። ዛሬ በየቤታችን የአምበሩን ሥራ የሚሠራው የፕላስቲክ ማበጠሪያ ነው።

ከእኔ ቤት ትይዩ የምትሠራ፣ እጅዋን የማከብርላት ባለሙያ፣ ፀጉር ሲነሣባት ቅባት ደርባ ፔስትራ ታሳርፍበታለች። ፀጉሩም ለጊዜው ይተኛል፤ ነገር ግን ፔስትራው የቀረችውን ጥቂት እርጥበት ጨርሶ ስላባረራት፣ ደንበኛይቱ መናኸሪያ ሳትደርስ ከናይለን ሻሿ ጋር ተሻሽቶ እንደገና ይቆማል። ቅባት ያለውን ውሃ ይጠብቃል እንጂ የሌለውን አያመጣም፤ በደረቅ ፀጉር ላይ ቅቤ መቀባት ድርቀቱን ከድኖ ማስቀመጥ ነው። ኮንዲሽነርን አልነቅፍም፤ ከፀጉሩ ጋር ተጣብቆ ሰበቃውን ያቀልለዋልና። መተሐራ ገበያ ላይ የከረዩ ጎልማሶች ጉንፉራቸውን በቅቤ አርሰው ሲያልፉ ያየ ሰው «የእነርሱስ ለምን አይቆምም?» ይለኛል፤ የእነርሱ ፀጉር ግን በየሳምንቱ በሳሙና ተሟጥጦ በካስክ አልተጠበሰም።

እኔ የማልለቀው ሚዶን ነው። እንጨት በባሕርዩ ጥቂት እርጥበት ይዞ ስለሚኖር፣ የተሰበሰበውን ኃይል ወደ እጅ፣ ከእጅም ወደ ሰውነት ያሳልፈዋል፤ ፕላስቲክ ግን የያዘውን አይለቅም። ሥራው እንዲህ ነው፦ መዳፍን በውሃ አርሶ ማራገፍ፤ ፀጉሩን በአራት ከፍሎ በመዳፍ መሐል ማሳለፍ፤ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ሥሩ እየወጡ በሚዶ መፍታት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የስንዴ ፍሬ የምታህል ለጋ ቅቤ በሁለት እጅ አሽቶ ጫፍ ጫፉን ማስነካት፤ ሲወጡም ራስን በጥጥ ነጠላ መሸፈን። የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ይህን የተማርሁት ባሳፈረኝ ነገር ነው። ገና ተቀጥሬ ስሠራ፣ በአንድ የጥር ሌሊት ከወንጂ የመጣች ሙሽራ በካስክ አድርቄ ከጨረስሁ በኋላ መብራት ጠፋ፤ ሻማ እስኪመጣ ብዬ በጨለማው በፕላስቲክ ማበጠሪያ ማበጠሬን ብቀጥል፣ ከፀጉሯ መካከል ሰማያዊ ፍንጣሪ ቷ ቷ እያለ ታየ። አክስቷ «በስመ አብ!» ብለው ተነሡ፤ ልጅቱም ክፉ ምልክት መስሏት አለቀሰች፤ የናይለኑ ዓይነ ርግብ በራሷ ላይ ባረፈ ጊዜማ ፀጉሩ ሁሉ ተነሥቶ ተጣበቀበት። እኔም የምለው ጠፍቶኝ ከማንቆርቆሪያው ውሃ በእጄ ቀድቼ ራሷን ዳሰስሁት፤ ፀጉሩም ወዲያው ተኛ። በማግሥቱ የእናቴን ሚዶ ከቤት ይዤ ሥራ ገባሁ።

ያ ሚዶ ዛሬም ከመሳቢያዬ አለ፤ ከዘመናት ቅቤ የተነሣ ጠቁሯል፤ ሁለት ጥርሱ ጎድሏል። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ደጃፍ ላይ ከጉልበቶቿ መካከል አስቀምጣኝ፣ በጣሳ ውሃ እየነከረች ታበጥረኝ ነበር፤ ውሃው በአንገቴ ሲወርድ እየቀዘቀዘኝ አለቅስ ነበር እንጂ ለምን እንደምትነክረው ጠይቄያት አላውቅም፤ እርሷም አልነገረችኝም፤ እርሷም ከእናቷ ያየችውን መሥራቷ ነበር። ባረፈችበት ዓመት፣ በታኅሣሥ፣ ከአልጋ መነሣት ተስኗት ሳለ፣ የሳሳው ሽበቷ ከትራሱ እየተነሣ ፊቷን ሲሸፍናት አየሁና፣ ትራሱን ነጠላ አልብሼ፣ ሚዶውን በውሃ ነክሬ ከግንባሯ ወደ ኋላ አሳለፍሁት። ዓይኗን ሳትገልጥ «ቀዘቀዘኝ» አለችኝ፤ እጄን ብመልስ ደግሞ «ግዴለም፣ አትተዪ» አለችኝ፤ እስክትተኛ ድረስ አበጠርኋት።