ጎጆውን የሸጠው መምህር፦ ጉልምስናና መንገደኝነት በማትሱኦ ባሾ የጉዞ ድርሰት

1. መነሻ

በሥነ ጽሑፍ ውስጥ ከቤት መውጣት በአመዛኙ የወጣት ዕጣ ተደርጎ ይታያል። ልጅ እግሩ ከወላጆቹ ቤት ይወጣል፤ ይንከራተታል፤ ይማራል፤ በመጨረሻም ወይ ይመለሳል፣ ወይ በሄደበት ጎጆ ይቀልሳል። ታሪኩም እዚያው ላይ ያበቃል። ሙያ ካደላደለና ስም ካተረፈ በኋላ ቤቱን ትቶ መንገድን መኖሪያው የሚያደርግ ጎልማሳ ግን ለደራሲም ሆነ ለሐያሲ አስቸጋሪ ነው። ምን ፈልጎ ወጣ? በምን ይተዳደራል? ማን ይቀበለዋል? ዛሬ ሥራቸውን በኮምፒዩተር ይዘው አገር ለአገር የሚዞሩ ጎልማሶች በበዙበት ዘመን እነዚህ ጥያቄዎች አዲስ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አዲስ አይደሉም።

በዚህ ጽሑፍ ጥያቄዎቹን የማነሣው በጃፓናዊው ባለቅኔ በማትሱኦ ባሾ «ኦኩ ኖ ሆሶሚቺ» ላይ ነው። ርእሱ «ወደ ውስጠኛው አገር የሚወስድ ጠባብ መንገድ» እንደ ማለት ነው። ድርሰቱን የማውቀው በእንግሊዝኛ ትርጉም ስለሆነ ስለ ቃላቱ ዜማ አልፈርድም፤ ትኩረቴ በአወቃቀሩ፣ በተራኪው አቋምና በጭብጡ ላይ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ አንባቢዎች ባሾን ሁሉን ትቶ የወጣ ነጻ ሰው አድርገው ያነቡታል። እኔ የምከራከረው ይህ ንባብ ግማሽ ንባብ ነው ብዬ ነው። ባሾ ቤቱን ተወ እንጂ ሰዎችን አልተወም፤ መንገዱን ያስቻሉት እነሱ ናቸውና። የድርሰቱም ጥንካሬ የሚመነጨው ይህንን ከመደበቅ ሳይሆን ከመግለጡ ነው።

2. መንገደኛው

ባሾ በ1644 በኢጋ ግዛት ተወለደ። በወጣትነቱ አንድ የመሳፍንት ልጅ አገልግሎ ነበር፤ ጌታው በ1666 በለጋ ዕድሜው ሲሞት አገልግሎቱ አበቃ። በ1670ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኤዶ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ቶኪዮ፣ ሄደና የቅብብሎሽ ግጥም መምህር ሆነ፤ ደቀ መዛሙርትም አፈራ። በ1680 ከከተማው መሐል ወጥቶ ፉካጋዋ በተባለ ስፍራ ጎጆ ያዘ። «ባሾ» የሚለው ስሙም ከጎጆው ደጅ ከተተከለ የኮባ ዓይነት ተክል የተገኘ ነው። ጎጆዋ በ1682 ቃጠሎ ወደመች፤ በኋላም ሌላ ተሠራለት።

ረጃጅም ጉዞዎቹን የጀመረው ከዚህ በኋላ በ1684፣ በ40 ዓመቱ ነው። ከዚያ እስከ ሞተበት እስከ 1694 ድረስ ያለው ዐሥር ዓመት ባመዛኙ የመንገድ ዐሥር ዓመት ነው። ዋናውን ጉዞ የጀመረው በ1689 ጸደይ ሲሆን፣ ሶራ ከሚባል ደቀ መዝሙሩ ጋር አምስት ወር ያህል 2400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ኦጋኪ በምትባል ከተማ ፈጸመ። በዚያ ዘመን የ45 ዓመት ሰው እንደ ሽማግሌ የሚቆጠር ነበር፤ ባሾ በተለይ የማይለቅ የሆድ ሕመም ነበረበት። ስለዚህ ጉዞው ዕድሜ እየመሸ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ውሳኔ ነው። የሚከተለው አርአያም ነበረው፤ ይኸውም ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በ1190 ያረፈው ባለቅኔው መነኩሴ ሳይግዮ ነው። ሳይግዮ ግን ዓለምን የተወው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ሲሆን ባሾ መንገዱን የያዘው መምህር ከተባለ በኋላ ነው።

3. ጎጆና ጓዝ

ድርሰቱ የሚከፈተው ጊዜን ራሱን መንገደኛ አድርጎ በማሰብ ነው። አንባቢ ከዚህ ከፍታ በኋላ ምሥጢራዊ ስንብት ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ተከትሎ የሚመጣው ግን ተራ የቤት ጉዳይ ነው፤ ሱሪ ይጠገናል፣ የባርኔጣ ማሰሪያ ይቀየራል፣ ጎጆዋ ለሌላ ትተላለፋለች። ባሾም ሳምፑ ወደ ተባለ ደቀ መዝሙሩ ቤት ይዛወራል። ሳምፑ ለገዢው ቤተ መንግሥት ዓሣ የሚያቀርብ ነጋዴ ነበር። በድርሰቱ ውስጥ የሚገኘው የመጀመሪያው ግጥምም ስለ ተራራ ወይም ስለ ባሕር አይደለም፤ ባለትዳርና ባለልጅ የሆነ አዲስ ነዋሪ ስለገባባት ስለዚያች ጎጆ ነው። መንገደኛው ዓይኑን መጀመሪያ የሚጥለው በተወው ቤት ውስጥ ሕይወት እንደሚቀጥል በማየት ላይ ነው።

ቀጥሎ ጓዙ ይመጣል። ባሾ ባዶ እጁን ለመውጣት አስቦ ሳለ ለሌሊት ብርድ የሚሆን የወረቀት ልብስ፣ ቀላል መደረቢያ፣ የዝናብ ልብስና የጽሕፈት ዕቃ በቀጭን ትከሻው ላይ ይከመራል። በዚህ ላይ የመሰናበቻ ስጦታዎች አሉ፤ የወዳጅ ስጦታ ስለሆኑ ይከብዱታል እንጂ አይጥላቸውም። የድርሰቱን ፍሬ ነገር ከያዙት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። አርባ አምስት ዓመት የኖረ ሰው የሚሸከመው ዕቃን ብቻ አይደለም፤ የሚወዱት ሰዎች አሉት፤ የእነሱም ውለታ ክብደት አለው። የወጣት አኩፋዳ ባዶ ነው፤ የጎልማሳ ግን ወዳጆቹ ሞልተውታል።

4. በምን ይኖራል?

ባሾ ንግድ አልነገደም፤ መሬት አላረሰም። ሳይመነኩስ የመነኩሴ ልብስ ለብሶ ራሱን ተላጭቶ ይዞር ነበር እንጂ ከገዳም ድርጎ የሚቆረጥለት አልነበረም። ያኖረው ሙያው ነው፤ ሙያውም በጓዝ ውስጥ የሚገባ ሙያ ነበር።

የቅብብሎሽ ግጥም በአንድ ሰው አይደረስም። ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሦስት ሐረግ ያለውን ሲሰጥ ሌላው በሁለት ሐረግ ይቀበለዋል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ በባሾ ዘመን በተለመደው ዓይነት እስከ 36 ስንኝ ይዘልቃሉ። ሥርዓቱ የመጀመሪያውን ስንኝ ለክብር እንግዳው፣ ሁለተኛውን ለባለቤቱ ይሰጣል። እንግዳው በመክፈቻ ስንኙ ወቅቱንና የተቀበለውን ቤት ያነሣል፤ ባለቤቱም ይመልስለታል። እንግድነት የግጥሙ መዋቅር ሆኗል ማለት ነው። መኝታና ምግብ ከአንድ ወገን፣ ስንኝና እርማት ከሌላው ወገን ይቀርባል፤ ማንም ማንንም እንደ ለማኝ አያይም።

የእኛ አገር ሰው «እንግዳ በመጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት» ይላል። ባሾ ግን በኩሮባኔ ሁለት ሳምንት ያህል፣ በኦባናዛዋ በነጋዴው በሴይፉ አስተናጋጅነት ዐሥር ቀን ያህል ቆይቷል፤ ብረት አልሆነም። ስለ ሴይፉ ሲጽፍ ባለጸጋ ሆኖ ሳለ መንፈሱ ያልዘቀጠ፣ ለንግድ ስለሚመላለስ የመንገደኛን ችግር የሚያውቅ ሰው መሆኑን ያወሳል። ተራኪው የአስተናጋጁን ሀብት አይንቅም፤ ነጻነቱ በማን እጅ እንደቆመ ያውቃልና።

እዚህ ላይ ከእኛ ባህል ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በቅኔ ትምህርት ቤት ሥርዓታችን የሚዞረው ተማሪው ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ወደ ዋድላ ይሄዳል፤ መምህሩ ግን ወንበር ዘርግቶ ባለበት ይቀመጣል። መንከራተት የዕውቀት መጀመሪያ፣ መቀመጥ የዕውቀት ማዕርግ ነው። የባሾ ነገር የተገላቢጦሽ ነው፤ ተማሪዎቹ በየከተማቸው ተቀምጠው መምህሩ ወደ እነሱ ይሄዳል። ይህ ሊሆን የቻለው ከ40 ዓመቱ በፊት በኤዶ ተቀምጦ ስም ስላተረፈ ነው። የመንገዱን ስንቅ የሰነቀው በተቀመጠበት ዘመን ነው፤ ስለዚህ የጉልምስና መንገደኝነት ያለፈውን ሕይወት ማፍረስ ሳይሆን በዚያ ሕይወት የተጠራቀመውን መመንዘር ነው።

በእኛ ባህል ጎልማሳ ቤቱን ትቶ ሲወጣ የምናውቃቸው ስሞች ጥቂት ናቸው። ልጆቹን አድርሶ ገዳም የገባ እንደሆነ መነነ እንላለን፤ ችግር ያስወጣው እንደሆነ ተሰደደ እንላለን፤ መንግሥት የላከው እንደሆነ መልእክተኛ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931፣ ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ወደ ጃፓን ሄደው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን የጻፉት በመልእክተኛነት ነው፤ ባዩት ሁሉ ውስጥ ለአገራቸው የሚጠቅም ትምህርት መፈለጋቸውም ከዚሁ የመነጨ ነው። ባሾ ከሦስቱም ስሞች አይገባም። የላከው የለም፤ ያሳደደው የለም፤ ዓለምንም ጨርሶ አልተወም። የሚያነቡት ተማሪዎቻችን «ታዲያ ምን ሊሠራ ወጣ?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄያቸው የስንፍና አይደለም፤ ቋንቋችን ለዚህ ሰው ስም ስላላዘጋጀ የመጣ ነው።

5. የኢቺቡሪ ሌሊት

በድርሰቱ ውስጥ ይህን ሁሉ የሚፈትን አንድ ክፍል አለ። ባሾና ሶራ ኢቺቡሪ በተባለ የኬላ መንደር ያድራሉ። ከጎናቸው ካለው ክፍል የሁለት ወጣት ሴቶችና የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ይሰማል። ሴቶቹ ከኒጋታ የመጡ ሴተኛ አዳሪዎች ናቸው፤ ወደ ኢሴ መቅደስ ለመሳለም ይሄዳሉ። እስከ ኬላው የሸኛቸው ሽማግሌ በማግሥቱ ስለሚመለስ መልእክት ያስይዙታል። ሲነጋ ሁለቱ ሴቶች ወደ ባሾ ቀርበው መንገዱ እንደሚያስፈራቸው ይነግሩታል፤ በሩቁ እንኳ እንዲከተሉት በለበሰው የመነኩሴ ልብስ እያመካኙ በእንባ ይለምኑታል። እሱ ግን በየቦታው ብዙ ስለምንቆይ አይሆንም፤ ወደዚያው ከሚሄዱ ሰዎች ጋር ተጓዙ፤ አምላክ ይጠብቃችኋል በሚል ስሜት ያሰናብታቸዋል። ከሄዱም በኋላ ሐዘኔታው ቶሎ አልለቀቀውም።

በዚያ ዘመን በየኬላው መንገደኛ ይጠየቅ ነበር፤ በሴቶች ላይ የነበረው ቁጥጥር ደግሞ ይብስ ነበር። ባሾ ራሱ ሺቶማኤ በተባለው ኬላ በጥርጣሬ ታይቶ በብዙ ችግር ማለፉን ጽፏል። ችግሩን ያውቃል ማለት ነው። ያም ሆኖ እምቢ አለ። በየከተማው የሚቀበለው ቤት ያለው ሰው፣ የሚቀበላቸው ቤት የሌላቸውን ሁለት መንገደኞች አላስጠጋም። እሱ ራሱ በሌላ ሰው ደጅ የእግዜር እንግዳ ሆኖ ሳለ!

ጉዳዩን የሚያከብደው ሌላ ማስረጃ ነው። ሶራ በጉዞው ሁሉ የራሱን የዕለት ማስታወሻ ይዞ ነበር፤ ማስታወሻው በ1943 ታትሞ ሲወጣ ከባሾ ድርሰት ጋር በብዙ ቦታ እንደማይስማማ ታየ። ለምሳሌ ድርሰቱ የመጀመሪያዋን ቀን ከሶካ ጋር ሲያያይዝ፣ ሶራ ያደሩት ከዚያ አልፎ በሚገኘው በካሱካቤ መሆኑን መዝግቧል። ስለ ኢቺቡሪ ሴቶች ደግሞ በማስታወሻው አንድም ቃል የለም። ባሾ ግን ያንን ሌሊት የሚመለከተውን ግጥም ለሶራ ነግሬው ጻፈው ይላል። ምስክር ተብሎ የተጠራው ሰው መዝገብ ዝም ብሏል። በዚህ የተነሣ ብዙ ተመራማሪዎች ክፍሉን ፈጠራ ነው ይሉታል።

ፈጠራ ከሆነ ለሐያሲ የሚቀረው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። ደራሲ ራሱን የሚያስመሰግን ታሪክ ቢፈጥር አይገርምም፤ ራሱን የሚያስወቅስ ታሪክ ለምን ይፈጥራል? የእኔ መልስ ይህ ነው፤ ባሾ የመንገዱን ወሰን ማሳየት ፈለገ። እስከ ኢቺቡሪ ድረስ አንባቢ የሚያየው የሚቀበሉትን ሰዎች ነው። በኢቺቡሪ ተራኪው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ተቀባይ እንዲሆን ይጠየቃል፤ አልቻለም። መንገደኝነቱ የተመሠረተው በመቀበል ላይ እንጂ በማስጠጋት ላይ እንዳልሆነ በዚህች አጭር ክፍል ተጋልጧል።

6. የተቀመጠ ድርሰት

ጉዞው አምስት ወር ፈጀ፤ ድርሰቱ ግን እየታረመ የተጠናቀቀው በ1694 ነው፤ ለኅትመት የበቃውም ደራሲው ከሞተ በኋላ በ1702 ነው። ባሾ ከጉዞው በኋላ በቢዋ ሐይቅ አጠገብ ደቀ መዝሙሩ ባዘጋጀለት ጎጆ ከረመ፤ በ1692ም ኤዶ ውስጥ ደቀ መዛሙርቱ አዲስ ጎጆ ሠሩለት። የመንገድ መጽሐፍ የተጻፈው ሌሎች በሠሯቸው ቤቶች ውስጥ በመቀመጥ ነው።

ድርሰቱ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ጥንታዊ ግጥሞች ያወደሷቸውን ስፍራዎች ለማዳረስ ሲል ስም የሚደረድርባቸው ገጾች ለእኛ አንባቢ ደረቅ ናቸው። በማትሱሺማ ውበት ፊት የራሱን ግጥም ሳያስገባ የሶራን ብቻ ማስገባቱ ግን ልከኝነቱን ያሳያል። በሂራይዙሚ የወደቀ ቤተ መንግሥት ላይ የበቀለውን ሣር አይቶ ሲያለቅስ፣ በሺቶማኤ አቅራቢያ ቅማልና ቁንጫ በወረረው ቤት፣ ፈረስ በትራሱ አጠገብ እየሸና ሲያድር ደግሞ ከፍ ያለውም ዝቅ ያለውም በአንድ ብዕር እኩል ይመዘናል። ለእኔ የድርሰቱ ታላቅነት ይህ ሚዛን ነው።

7. ማጠቃለያ

ባሾ በ1694 እንደገና ወደ ምዕራብ ጉዞ ጀምሮ በኦሳካ በ50 ዓመቱ ሞተ። ይህ አሟሟት ሕይወቱን የተሟላ ምሳሌ አድርጎ ለማቅረብ ይመቻል፤ አብዛኛው አድናቂም እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ተማሪዎቻችን ድርሰቱን ሲያነቡ በሦስት ሰዎች ላይ እንዲቆዩ እመክራለሁ፤ እነሱም ጎጆዋን የገዛው ባለልጅ ሰው፣ ስንኙን በመቀበል እንግዳውን ያሳረፈው ባለቤት፣ እንዲሁም በኢቺቡሪ ጥያቄያቸው ያልተሰማ ሁለቱ ሴቶች እንደ አንድ ተቆጥረው ናቸው። መንገደኛውን ከእነዚህ ነጥለን ካነበብነው የሚቀረን የነጻነት ስብከት ነው፤ ከእነሱ ጋር ስናነበው ግን ነጻነት ምን ያህል እንደሚያስወጣና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን የሚጠይቅ ድርሰት እናገኛለን።

የአማርኛ ልብ ወለድ ጎልማሳ መንገደኛን ሲያቀርብ በአመዛኙ መናኝ ወይም ስደተኛ አድርጎ ነው። ሦስተኛውን ሰው፣ ማለትም ሳይሰደድና ሳይመንን በሙያው እየተዳደረ የሚዞረውን፣ ለመጻፍ የሚነሣ ደራሲ ቢገኝ ከባሾ የሚማረው የመሬት አቀማመጥ አገላለጽን አይደለም። የሚማረው በየማታው ደጁን የሚከፍትለት ማን እንደሆነ መጻፍን ነው፤ እሱም በተራው ደጁን የዘጋበትን ማን እንደሆነ አለመደበቅን ነው።