«ገደፈ» ወይስ «የሰዓት ሒሳብ»? ስለ ቁጥር ንድፈ ሐሳብ ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

ከአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ በፒያሳ አድርጎ ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ሰው በአንድ የእግር ጉዞ ሁለት የሒሳብ ዓለማትን ያገናኛል። በአንደኛው ጫፍ ሊቃውንት በዓላትንና አጽዋማትን የሚያወጡበት ባሕረ ሐሳብ አለ፤ በሌላው ጫፍ፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ፥ ዘመናዊው ሒሳብ ይሰጣል። ሁለቱ ስለ ቀሪ የሚናገሩት አንድ ሆኖ ሳለ ቃላቸው አልተገናኘም። የዚህ ሐተታ ዓላማ ይህ መራራቅ በትርጉም ሥራ ላይ የሚያስከትለውን ጉድለት ማመልከት ነው።

አስቀድመን ምሳሌ እንስጥ። የ2018 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7518 ነው። ይህ በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ 1 ሲነሣለት ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፥ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል። 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ፥ አበቅቴና መጥቅዕም በየዓመቱ ተደምረው 30 ይሞላሉ። ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1801 ባሳተመው መጽሐፍ በምልክት ያጸናው የቀሪዎች ሒሳብ በመሠረቱ ይኸው ነው።

ይህን ሒሳብ «የሰዓት ሒሳብ» ማለት ከባዕድ ቋንቋ የተቀዳ ምሳሌን ስያሜ ማድረግ ነው። ሰዓት ገዳፊውን በ12 ይወስነዋል፤ ባሕረ ሐሳብ ግን በ7፥ በ19 እና በ30 ይገድፋል።

ሁለተኛው ጉዳይ «ብቸኛ ቁጥር» ነው። ቃሉ በመማሪያ መጻሕፍት ስለ ጸና መለወጡን አንደግፍም። ነገር ግን 8 እና 9ን «እርስ በርስ ብቸኛ» ማለት አንባቢን ያስታል፤ ሁለቱም በየራሳቸው ብቸኛ አይደሉምና። ከ1 በቀር «የጋራ አካፋይ የሌላቸው» ቢባል፥ ተማሪው አስቀድሞ በሚያውቀው ቃል ይረዳዋል።

ሦስተኛው «ሞላላ ኩርባ» የሚለው ነው። ይህ ኩርባ ሞላላ ቅርጽ የለውም፤ ስሙን ያገኘው የሞላላ ቅርጽን የጠርዝ ርዝመት ለመለካት ከተደረገ ስሌት ነው። ኩርባው ራሱ የሚገለጸው በሦስተኛ ደረጃ እኩልታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ለምሥጢራዊ መልእክት እንዲውል ሐሳብ ከቀረበ ወዲህ በኢንተርኔት ግንኙነት በሰፊው ይሠራበታል። ለዚህ «ኤሊፕቲክ ኩርባ» ብሎ መዋስ ይሻላል፤ የተዋሰ ቃል ቢያንስ የተሳሳተ ሥዕል አይሥልም።

«ገደፈ» ራሱ ነቀፌታ አያጣም። በዛሬው አማርኛ መተውን ያመለክታል፤ «ግድፈት»ም የጽሕፈት ስሕተት ነው። ስለዚህ «ግድፈት»ን ለሒሳብ ስያሜ ማዋል አደናጋሪ ይሆናል። «በ30 መግደፍ» የሚለው የግሥ አነጋገር ግን ከነቁጥሩ ስለሚነገር አያሻማም። ሲገደፉ አንድ ዓይነት ትርፍ የሚሰጡ ቁጥሮችም «በ30 እኩል ቀሪ» ቢባሉ፥ 12 እና 132 ያላቸው ዝምድና በስሙ ይታያል።

እንግዲህ ስያሜ አውጪዎች ቃሉን ከመመዝገባቸው በፊት አንድ ሙሉ ስሌት በአማርኛ እንዲሠሩበት እናሳስባለን። ለዚህም ፈተና የባሕረ ሐሳብ መምህርና የሒሳብ መምህር በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ መልካም ነው፤ መንገዱ ሩቅ አይደለም።